ወፏ ትተርፋለች ወይስ አትተርፍም?

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በኋላ ለተነሳው ግርግር ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከእንቅልፍ እጦት ነው። ስልኬ ላይ አንድ ሥዕል አለ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆሴፍ ራይት በ1768 የሣለው ነው። ደርቢ በምትባል ከተማ ስለተወለደ «የደርቢው ራይት» ይሉታል። ሥዕሉ የአየር ፓምፕ ውስጥ በገባች ወፍ ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እከፍተዋለሁ። በሁለት ጣት እያሰፋሁ ዛሬ አንድ ፊት፣ ነገ አንድ እጅ አያለሁ። ሁለት ዓመት አይቼው እስካሁን አልጨረስኩትም።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። ምሽት ነው። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አሥር ሰዎች ተሰብስበዋል። ብርሃኑ የሚመጣው ከሻማ ነው፤ ሻማው ግን አይታይም። ደፍረስ ያለ ፈሳሽ የያዘ ትልቅ ብርጭቆ ጋርዶታል። መሃል ላይ ሽበታም ረጅም ጸጉሩን የለቀቀ፣ ካባ የመሰለ ቀይ ልብስ የደረበ ሰውዬ ቆሟል። አጠገቡ ፓምፑ አለ። ከፓምፑ በላይ ኳስ የመሰለ መስታወት፣ መስታወቱ ውስጥ ነጭ ወፍ። አየሩ ተስቦባት አንድ ክንፏን ዘርግታ ወድቃለች። የሰውዬው አንድ እጅ መስታወቱ አናት ላይ ካለው ቫልቭ ዘንድ ነው። ከከፈተው አየር ይገባላታል። ካልከፈተው አለቀላት።

ጥያቄዬ ስለ እሱ አልነበረም። በስተቀኝ፣ ጨረቃ በሚታይበት መስኮት አጠገብ አንድ ልጅ ቆሟል። ገመድ ይዟል። ገመዱ ላይ የወፏ ቤት ተንጠልጥሏል። ልጁ ፊቱን ወደ ሰዎቹ መለስ አድርጓል። ቤቱን እያወረደው ነው ወይስ ወደ ላይ እየሰቀለው? እያወረደው ከሆነ ወፏ ልትመለስ ነው። እየሰቀለው ከሆነ ቤቱ ከእንግዲህ ሥራ የለውም። እናንተ ምን ታያላችሁ ብዬ ጠየቅሁ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ከአሥሩ ሰዎች ወፏን የሚያዩት ሦስት ብቻ ናቸው የሚል ነገር ጨመርኩ። ጣጣ ያመጣችው ይህቺ ጭማሪ ናት።

1ኛው መልስ ምስጋና ነበር፤ ደህና ነገር አመጣህ፣ ከፖለቲካ አረፍን የሚል። 2ኛው አላስቀመጠኝም። ዓመቱን ስጽፍ እ.ኤ.አ. አላልኩም። በኛ 1760 ገደማ እንደሆነ፣ እንዲህ እያልን ልጆቻችንን እንደምናሳስት ነገረኝ። ልክ ነው፤ አስተካከልኩ። (እዚህም የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ እንዳልገሠጽ።)

3ኛውን የጻፉት አንድ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ደብረ ብርሃን ነው ያስተማሩት። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ጋሼ ሥዕሉን ሲያዩ መጀመሪያ የፈለጉት ፓምፑን ነው። ሁለት የነሐስ በርሜል፣ ማዞሪያ እጀታ፣ የእንጨት መቆሚያ። ማዞሪያውን ወዲያ ወዲህ ባሉት ቁጥር አንዱ በርሜል ሲስብ ሌላው ይተፋል። ይህ ዕቃ፣ አሉ ጋሼ፣ ያኔ አዲስ አልነበረም። ኦቶ ፎን ጌሪከ የሚባል ጀርመናዊ የመጀመሪያውን የሠራው በ1650 አካባቢ ነው። ሁለት ግማሽ ሉሎችን ገጥሞ ውስጣቸው ያለውን አየር ሳበና ፈረሶች ከሁለት ወገን ቢጎትቱ አልላቀቅ አሉ። የእነዚያ ሉሎች ታናናሽ ወንድሞች ራይት ሥዕል ላይም አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ በስተቀኝ ካለው ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀጥሎ እንግሊዝ አገር ሮበርት ቦይል ከረዳቱ ከሮበርት ሁክ ጋር የተሻለ ፓምፕ አሠርቶ በ1660 የሙከራዎቹን ዝርዝር አሳተመ። ወፍ ከትቶ የሞከረውም እሱ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ያለው ግኝት አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ለቤተሰብ እየታየ ነው። ጋሼ ይህን ከእራት በኋላ የሚታይ ትርኢት ብለውታል።

እኔ ይህን ሳነብ ሥዕሉ ሌላ ሆነብኝ። እስከዚያ ድረስ ሰውዬው አንድ ነገር ለማወቅ የሚጥር መስሎኝ ነበር። ለካ መልሱን ያውቀዋል። ወፏ ምን እንደምትሆን ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው።

4ኛዋና 5ኛው አዘኑ። ለማይጠቅም ነገር እንስሳ ማሰቃየት ምን ይሉታል ነው ነገራቸው። 6ኛው እንደዚህ ዓይነት ሐዘን የማይዋጥለት ሰው ነው። ለፋሲካ ዶሮ አስገዝቶ፣ አሳርዶ፣ አሥራ ሁለት ብልት ቆጥሮ የሚበላ ሰው ዛሬ ለፈረንጅ ወፍ ሲያለቅስ አየሁ ብሎ ተሳለቀ። 4ኛዋ ተመልሳ መጣች፤ ዶሮ ሲታረድ ልጆች ከበው እንዲያዩ ወንበር አይደረደርላቸውም አለችው። ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ወይም ነበረውና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

7ኛው ለኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው። እንደገና ጋሼ ናቸው። የአራተኛዋ ሐዘን የዛሬ ሰው ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ አስረዱ። ጄምስ ፈርጉሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሳይንስ የሚያሳይ አስተማሪ፤ ማለትም የሥዕሉ ሰውዬ ዓይነት ሰው። ትምህርቶቹን በመጽሐፍ ያወጣው በ1760 ነው። እዚያ ላይ ሕይወት ያለው ነገር ከቶ ማሳየት ትንሽ ርኅራኄ ላለው ተመልካች የሚዘገንን ነው በሚል መንፈስ ጽፏል። እሱ በእንስሳው ፈንታ ፊኛ ይከት ነበር። ፊኛው በመስታወቱ ውስጥ አየሩ ሲሳብና ሲመለስ እንደ ሳንባ ይሆናል፤ ሰው የሚማረውን ይማራል፣ የሚሞት የለም። እንግዲህ ራይት ሥዕሉን ሲሥል ከስምንት ዓመት በፊት ሌላው መንገድ ታትሞ ወጥቷል። ሰውዬው ወፍ የከተተው ሌላ አማራጭ አጥቶ አይደለም።

ጋሼ አንድ ነገር አከሉ። እሳቸውም ክፍል ውስጥ ይህንኑ ያሳዩ ነበር። ትልቅ መርፌ ወስደው ሹሉን ነቅለው፣ ውስጡ ትንሽ የተነፋ ፊኛ ከትተው፣ ጫፉን በአውራ ጣት ደፍነው ወደ ኋላ ይስቡታል። ፊኛው ያብጣል። ፈርጉሰን ፊኛ ሲል የከብት ፊኛ ማለቱ ነው፣ እኔ ፊኛ ስል ከሱቅ የተገዛውን፣ አማርኛችን ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ጨርሶታል ብለው ደመደሙ።

8ኛው በዚህች ቃል ተያዘ። ልጅ ሆኖ በበዓል በሬ ሲታረድ ከአራጁ የሚለምነው ፊኛውን ነበር። አመድ ላይ አሽቶ፣ በሸምበቆ ነፍቶ፣ አሥሮ ኳስ ይጫወትበታል። ሽታውን እስከ ዛሬ እንደሚያስታውስ ጻፈ። 9፣ 10 እና 11 በሙሉ የልጅነት ኳስ ናቸው። ካልሲ፣ ጨርቅ፣ ጎማ። ሥዕሉ ተረሳ።

ወደ ነገሩ የመለሰችን ለንደን የምትኖር እህታችን ናት። 12ኛው መልስ የእሷ ነው። ሥዕሉ ትራፋልጋር አደባባይ ያለው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል፤ መግቢያው ነጻ ነው። በዕረፍት ቀኗ ሄዳ አየችው። ቁመቱ 183፣ ወርዱ 244 ሴንቲ ሜትር ነው። ስልክ ላይ ያሉት ፊቶች ባቄላ ያህላሉ፤ እዚያ ግን የሰው ፊት ያህላሉ። ከፊቱ ስትቆሚ ጠረጴዛው ወደ አንቺ ወገን ክፍት ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም፤ 11ኛዋ ሰው አንቺ ነሽ አለች። ሰውዬው ደግሞ ወፏን አያይም፣ ሴቶቹን አያይም፣ አንቺን ነው የሚያየው። እጁ ቫልቩ ላይ ሆኖ ምን ላድርግ የሚልሽ ይመስላል። አልወደደችውም። ወደ ግራ ብትሄድም ወደ ቀኝ ዓይኑ አለቀቃትም።

ከዚያ ስለ ልጃገረዶቹ ጻፈች። ሁለት ናቸው። ትልቋ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። ትንሿ ተጠግታት ቀና ብላ ወፏን ታያለች። አንድ ሰው፣ አባታቸው ይመስላል፣ ትልቋን አቅፎ በጣቱ ወደ ላይ ይጠቁማል። እያባበላት ነው ወይስ እይ እያላት? እህታችን ሁለቱንም ነው ባይ ናት። እሷ ራሷ በልጅነቷ መርፌ ስትወጋ አባቷ እንዲሁ አቅፎ፣ ግን ዞር እንዳትይ ይላት ነበር።

13ኛው ቆጠራዬን ተቃወመ። ሦስት አይደሉም፣ አራት ናቸው አለ። 14ኛው ሦስት ነው አለ፤ ግን የኔ ሦስት አይደሉም፣ ሌሎች ናቸው። ትንሿ ልጅ ላይ ሁሉም ተስማማ። በግራ በኩል ተመስጦ በሚያየው ልጅ ላይም ተስማማን። ሰዓት የያዘው ሰውዬ ላይ ተጣላን። በስተግራ ጫፍ የኪስ ሰዓት ይዞ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ወፏ ስንት ደቂቃ እንደምትቆይ የሚለካ ይመስላል። እኔ ወፏን ያያል አልኩ። 13ኛው ቀና ማለት ማየት አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ወጣቶቹ ጥንዶች ግን አያከራክሩም። ከፓምፑ በስተግራ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። 16ኛዋ፣ እነዚህ ሲኒማ ገብተው ፊልሙን የማያዩት ናቸው አለች። ብዙ ሳቅ አገኘች። የሚገርመው ብዙም አልሳተችም። ሜሪ ባርሎውና ቶማስ ኮልትማን የሚባሉ የሠዓሊው ወዳጆች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል፤ እነሱ በዓመቱ በ1769 ተጋብተዋል። በኋላ ራይት ሁለቱን ለብቻቸው ሥሏቸዋል፤ ያኛውም ሥዕል እዚያው ሙዚየም ነው ያለው።

17ኛው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚተዳደር ሠዓሊ ነው። በጣም ትሑት አጻጻፍ አለው፤ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚጀምረው። እሱ ሥዕሉን ሲያይ መጀመሪያ የመጣለት የልደት ሥዕል ነው። ሄራርድ ፋን ሆንትሆርስትን የመሳሰሉ የሆላንድ ሠዓሊዎች ልደትን በሌሊት ሲሥሉ ብርሃኑ ከግርግሙ፣ ከሕፃኑ ይወጣል። ዙሪያ ያሉት ፊቶች በዚያ ይበራሉ። ራይት አሣሣሉን ወስዶ ሕፃኑን አወጣና ሻማና ብርጭቆ አስቀመጠ። ከላይ ደግሞ ነጭ ወፍ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነጭ ወፍ ከላይ ስትታይ መንፈስ ቅዱስ ነው። እዚህ ግን ነጯ ወፍ መስታወት ውስጥ ታፍናለች። 17ኛው ይህን ሳይተረጉም ዝም ብላችሁ አንብቡት ብሎ አለፈው። ብዙ አለማለቱን ወደድኩለት።

ጨምሮም በኛ አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ይሁዳ በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አስታወሰ። በዚያ ሕግ ከሄድን ፊት ለፊት የሚያየን ባለ ካባው ጻድቅ ሊሆን ነው፤ በቀኝ ዱላውን ተመርኩዞ አንገቱን የደፋው ሽማግሌ ደግሞ ኃጥእ። እሱ ተገላቢጦሽ ይመስለዋል። ሽማግሌው የሚያየው ያንን ደፍራሳ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ብዙዎች የሰው ራስ ቅል ያያሉ። እኔ ስልኬን ዓይኔ ድረስ አስጠግቼ አየሁት፤ መጀመሪያ ድንች፣ ቀጥሎ ጥርስ። አሁን ራስ ቅል ከመሆን በቀር ሌላ ሊሆንልኝ አልቻለም።

18ኛው ጨረቃዋን ያዘ። ሙሉ ጨረቃ ናት፤ ስለዚህ ይህ የጨረቃ ማኅበር ስብሰባ ነው፣ ራይትም አባል ነበር አለ። 19ኛው ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን ቆረጠ። በበርሚንግሃም አካባቢ እንዲህ የሚባል ማኅበር ነበር። ኢራስመስ ዳርዊን፣ የቻርልስ ዳርዊን አያት፣ አንዱ ነው፤ ጄምስ ዋትም በኋላ ገብቷል። ለሙሉ ጨረቃ በሚቀርብ ቀን የሚገናኙት በምሥጢር አይደለም፤ ያኔ የመንገድ መብራት ስለሌለ ወደ ቤት ሲመለሱ እንዲያበራላቸው ነው። ራይት ግን አባል አልነበረም። ዳርዊንን ያውቀዋል፣ ሰዓት ሠሪው ጆን ኋይትኸርስትን ያውቀዋል፤ ማወቅ ሌላ፣ አባል መሆን ሌላ። 18ኛው ዕቁብና ማኅበር የሚለይ ሰው አገኘሁ ብሎ በቀልድ ተቀበለው።

20ኛው ስለ ወፏ አንድ ነገር አመጣ። ኮካቱ ናት፣ ከሩቅ አገር የምትመጣ የበቀቀን ወገን። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ውድ ነበረች። በእውነተኛ ትርኢት ላይ እንዲህ ያለችውን ማንም አይገድልም። እንዲያውም ራይት መጀመሪያ በነደፈው ላይ ያለችው ተራ ወፍ ናት፤ ያ ንድፍ የራሱን ፊት የሣለበት ሥዕል ጀርባ ላይ ይገኛል። ታዲያ ለምን ቀየራት? 20ኛው ለብርሃኑ ነው አለ፤ ነጭ ካልሆነች በጨለማው ውስጥ አትታይም። 21ኛዋ ለዋጋዋ ነው አለች። ርካሽ ወፍ ብትሆን ማን ይጨነቅላት ነበር? እኔ ወደ 21ኛዋ አደላለሁ። ሥዕሉን በ200 ፓውንድ የገዛው ቤንጃሚን ቤትስ የሚባል ሐኪም እንደሆነ ሳነብ፣ ያ ሰው ማታ ማታ ምን ያስብ እንደነበር እገምታለሁ።

ከ22 በኋላ መሬቱ ተንሸራተተ። አንዱ ያን የአውሮፓ የዕውቀት መነቃቃት ጊዜ የአብርሆት ዘመን እያላችሁ ታሞግሳላችሁ፣ እኔ አብርሆት የማውቀው አራት ኪሎ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ነው፣ የፈረንጅ ሥዕል ምን አገባን አለ። 23ኛው ያገባናል ብሎ ጄምስ ብሩስን ጠራ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ የከዋክብት ከፍታ መለኪያውን ኳድራንትና ቴሌስኮፑን አስጭኖ በ1769 ምፅዋ ገባ፣ በ1770 ጎንደር ደረሰ። የዚያው ዘመን ሰው ነው፤ የዓባይን ምንጭ ሊለካ የመጣ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። 24ኛው ግን ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር አነሳ። ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን ያስገደሉት በ1769 ነው። በሻሽ ታንቀው። እነሱ ወፍ ሲያፍኑ እኛ ንጉሥ አነቅን ብሎ ጻፈ።

እውነት ለመናገር ዓረፍተ ነገሩ ለጥቂት ደቂቃ ዝም አሰኝቶኛል። ሌሎቹን ግን ዝም አላሰኘም። ራስ ሚካኤል ከየት ነበሩ፣ ኢዮአስ በእናታቸው የማን ወገን ነበሩ፣ ዘመነ መሳፍንትን ማን አመጣብን። በሩብ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ መልስ ገባ። ግማሹ በትልልቅ ስድብ። አወያዩ ከ25 እስከ 35 ያለውን ጠራርጎ አነሳ። ቁጥሮቹ አሁንም ባዶ ናቸው። 36ኛው የአወያዩ ነው፦ ወደ ወፏ ተመለሱ፣ አለዚያ ክሩን እዘጋለሁ።

37ኛው ለመመለስ ሞከረ፤ የተመለሰው ግን ወደ ሌላ ሥዕል ነው። የዚያን ዘመን ሳይንስ ማየት ከፈለጋችሁ ሠዓሊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ የሣለውን የላቮዝየን ሥዕል እዩ አለ። በ1788 የተሣለ፣ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለ። ኬሚስቱ አንትዋን ላቮዝየ ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል፣ ሚስቱ ማሪ አን ትከሻውን ተደግፋ ወደ እኛ ታያለች፣ ዙሪያው የሙከራ መስታወት ነው። እዚያ ማንም አይሞትም አለ። 38ኛዋ ይሞታል አለችው። ላቮዝየ የግብር ሰብሳቢዎች ኩባንያ ባለድርሻ ስለነበር በ1794 አንገቱ ተቀልቷል። ደግሞ ያ ሥዕል በ2021 በመሣሪያ ሲመረመር ሥሩ ሌላ ሥዕል ተገኘ። መጀመሪያ መስታወቶቹ አልነበሩም። ሚስትየው አበባና ሪባን ያለበት ትልቅ ባርኔጣ ነበራት። ሳይንሱ በኋላ የተጨመረ ነው። ሀብታም ጥንዶች ነበሩ፣ ሊቃውንት ተደርገው ተሣሉ። 39ኛው ሚስትየው ጌጥ አይደለችም ብሎ ተከራከረ፤ ከዳቪድ ሥዕል ተምራለች፣ የባሏን መጽሐፍ ሥዕላዊ ገጾች የሠራችው እሷ ናት፣ ከእንግሊዝኛም ትተረጉምለት ነበር። 40ኛዋ በአጭሩ፣ ሲያገባት 13 ዓመቷ ነበር ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለ ባርኔጣው ያወራ የለም።

41ኛው አዲስ የመጣ ወጣት ነው፤ በራሱ የሚተማመን። ወፏ የምትሞተው ባዶው ቦታ ሳንባዋን ስቦ ስለሚያፈነዳው ነው አለ። ጋሼ በትሕትና አረሙት። ባዶ ቦታ አይስብም፤ የሚገፋው ውጭ ያለው አየር ነው። እንዲህ ባለ ፓምፕ ወፏን የሚጨርሳት ኦክስጅን ማጣት ነው። ከፍታ ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ዝቅ ይላል፣ ለዚህ ነው ባቄላ አልበስል የሚለው። እኛ ሁላችንም ትንሽ አየር የተሳበበት መስታወት ውስጥ ነው የምንኖረው አሉ። ጨምረውም በ1768 ኦክስጅን የሚባል ነገር ገና እንዳልታወቀ ነገሩት። ጆሴፍ ፕሪስትሊ ያን አየር ለይቶ ያገኘው በ1774 ነው፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ሄዶ ለላቮዝየ በእራት ላይ ነገረው። ስለዚህ ባለ ካባው ወፏ እንደምትሞት ያውቃል፣ ምን አጥታ እንደምትሞት ግን አያውቅም።

ወጣቱ አንተ ብሎ መለሰላቸው። የድሮ መጽሐፍ አንብበህ አታስተምረን፣ ዘመኑ አልፎብሃል ዓይነት ነገር። ከ42 እስከ 44 ያሉት በሙሉ ስለ አንተና አንቱ ናቸው። ስለ ፊዚክስ አንድም ቃል የለባቸውም። ታላቅህን አክብር ያለው እንኳ ራሱ ሲሰድበው ደደብ ብሎታል። ጋሼ በ45 ተመልሰው፣ አንተ መባሉ እንዳላስከፋቸው፣ ባዶ ቦታ ይስባል መባሉ ግን እንቅልፍ እንደሚነሳቸው ጻፉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው ተናገሩ። የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ እውነተኛ የአየር ፓምፕ ነበር። ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ መስታወቱ ሳይሰበር። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ እንዳይጠፋ አንድ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ጋሼ ሃያ ሁለት ዓመት በመስታወት በር አዩት። አንድም ቀን አልተነካም። መርፌውና ፊኛው የመጣው ከዚያ ነው።

ወጣቱ ልብ በሉ፣ ይቅርታ አልጠየቀም። ግን መርፌው ስንት ሚሊ ሊትር ቢሆን ይሻላል ብሎ ጠየቀ። 60 አሉት።

የኔን ጥያቄ ያስታወሰች ያቺው የለንደኗ እህት ናት። በሌላ የዕረፍት ቀን ተመልሳ ሄደች። በዚህ ጊዜ ከባለ ካባው ዓይን ሸሽታ በቀኝ ጠርዝ ቆማ ልጁን ብቻ አየች። ሃያ ደቂቃ። ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ አያት። ገመዱ ውጥር ነው አለች፤ ስለዚህ ወደ ላይ እየጎተተው ነው፣ ወፏ አልቆላታል። 48ኛው መልሷ ነው፤ ደስ ሳይላት ነው የጻፈችው።

ጋሼ በ49 ቶሎ መጡ። ክብደት የተንጠለጠለበት ገመድ ሲወጣም ሲወርድም ውጥር ነው፣ ልጄ። ዝም ብሎ ቢቆምም ውጥር ነው። ዝግ ብሎ ሲወርድና ዝግ ብሎ ሲወጣ ገመዱ ላይ ያለው ጉተታ አንድ ነው። ከገመዱ ምንም አታገኚም፣ የልጁን ጡንቻ ብታዪ እንኳ አታገኚም።

እኔም ስልኬን አውጥቼ እንደገና አየሁ። የልጁ እጅ ላይ አሰፋሁ፣ አሰፋሁ፤ ምስሉ ወደ ቡናማ ካሬዎች ተለወጠ።

50ኛው ክሩን ሳያነብ የገባ ሰው ነው። ታዲያ ወፏ በመጨረሻ ሞተች እንዴ ብሎ ጠየቀ። 51ኛው ሰዓት የያዘውን ሰውዬ ጠይቀው አለው።